እጣቢው የት ይሄዳል?

ኩልመስክ ላይ ቤት ተከራይተው፣ በምራትነት ገብተው ወይም ዘመድ ቤት ሊከርሙ መጥተው ይሆናል። ከመጀመሪያዎቹ ምሽቶች በአንዱ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ለማገዝ ይነሣሉ። ሳፋውን ይስባሉ፣ ከጀሪካኑ ውሃ ይቀዳሉ፣ ላርጎ ጠብ አድርገው አረፋውን ያስነሡና ዕቃውን ሁሉ አንድ ላይ ይነክሩታል። አጥበው፣ አለቅልቀው፣ ውሃውን ደጅ ደፍተው ሲመለሱ የቤቱ እናት ዝም ብለው ያዩዎታል። አይቆጡም፤ ዝምታቸው ግን ይከብዳል። በማግስቱ ደግሞ እርስዎ ያጠቡትን ዕቃ እንደገና ሲያጥቡት ያገኟቸዋል።

በመምህርነት ወደዚያ አገር በሄድኩ ጊዜ እኔንም የገጠመኝ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፤ ንጹሕ ማለት አረፋ የነካው ማለት ይመስለኝ ነበር። እማማ እያልኩ የምጠራቸው አከራዬ ሁለት ሳምንት ታገሡኝ። በሦስተኛው ግን፣ «ልጄ፣ ይኼ ውሃ ከምንጭ አይደለም የወጣው፤ ከእግሬ ነው» አሉኝ። ዕቃ ማጠብንም ገላ መታጠብንም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ተማርኩ። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እርስዎ ሁለት ሳምንት ሳይባክንብዎ እንዲደርሱበት ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ይወቁ

ሻንጣዎን ፈትተው ሳይጨርሱ ለአንድ ሳምንት ራስዎ ውሃ ይቅዱ። ሌላው ምክር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚገባው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ኩልመስክ ከወልድያ ወደ ላሊበላ ከሚያደርሱት መንገዶች በአንዱ ላይ ያለች፣ ተራራ ያቀፋት ከተማ ናት። ተከዜም የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። የወንዝ ራስ ላይ መኖር ግን ውሃን ቅርብ አያደርገውም። ውሃ ቁልቁል ይሄዳል፣ ሰው ሽቅብ ይኖራል፤ በመካከሉ ያለውን ዳገት የሚወጣው የሰው ጀርባ ነው፣ ካለም የአህያ።

ለሚዛን ያህል ይህን ያስተያዩ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ የተያዘው ግብ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ የሚል ነበር። ከተማ ውስጥ ያለ ተራ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያፈሳል። 10 ደቂቃ ከቆሙበት ከ4 እስከ 5 ጀሪካን ሄደ፤ የሦስት ወይም የአራት ሰው የቀን ድርሻ ነው። «እዚህ ሰው በየቀኑ አይታጠብም» ብለው ከመፍረድዎ በፊት ይህን ቁጥር በትከሻዎ ይለኩት።

ሲቀዱ ሳሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የሚጠጣው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? ከቦኖ፣ ከምንጭ ወይስ ከወንዝ? የሚቀዳው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት፤ እርስዎ አንድ ሳፋ በደፉ ቁጥር ትምህርት ቤት የምታረፍደውም እሷ ናት። ከተደረደሩት ጀሪካኖች የመጠጡ የትኛው ነው? ሁሉም ቢጫ ስለሆኑ አንድ ይመስላሉ። የመጠጡን ከፍተው እግርዎን ከታጠቡበት ግን ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ለቤቱ እናት «የእኔን ድርሻ እኔው እቀዳለሁ» ይበሏቸው። ወንድ ከሆኑ መንገድ ላይ የሚስቅ ይኖራል፤ ይቅዱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ስለ ንጽሕና የሚናገሩት ቃል ክብደት ይኖረዋል።

እጣቢ ቆሻሻ አይደለም

ሰውና ሰው የሚጋጩበት ዋናው ቦታ ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ከተማ ውስጥ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ወደ ቱቦ ገብቶ ይረሳል። ላስታ ውስጥ ግን ውሃው ገና ሥራውን አልጨረሰም። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የሽሮ ቅሪትና የሊጥ እድፍ የለቀቀበት ውሃ እጣቢ ይባላል። ላም ትጠጣዋለች፣ በግ ይጠጣዋል፤ ትንሽ ጨው ወይም ፉርሽካ ሲጨመርበት ደግሞ ይሻሙበታል። እርስዎ ላርጎውን መጀመሪያ ሳፋው ውስጥ ሲጨምሩ የከብቱን መጠጥ አበላሹ። የእናትየዋ ዝምታ የመጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ፍርፋሪውን አስቀድመው በእጅዎ ጠርገው ለዶሮ ይበትኑ። ቀጥሎ ከአንድ ጆግ በማይበልጥ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ ዕቃውን በእጅዎ እያሹ የመጀመሪያውን እጥበት ይጠቡት። ይህ እጣቢ ስለሆነ በባልዲ ይቀመጥ። ሳሙና የሚመጣው ሁለተኛ ነው፤ ሳፋው ውስጥ ሳይሆን ስፖንጁ ላይ፣ ያውም ጠብታ። ሦስተኛው ማለቅለቅ ነው። ዕቃውን የቆመ ውሃ ውስጥ ከመንከር ይልቅ ከጆግ በቀጭኑ እያፈሰሱ ያለቅልቁት፤ የሚወርደውንም ሌላ ሳፋ ይቀበለው። ያ የሳሙና ውሃ ለከብት አይሆንም፤ ሽንት ቤት ለማጠብ ወይም አቧራ ለማርጠብ ግን ይበቃል።

ቅደም ተከተሉንም ይጠብቁ። ስኒና ብርጭቆ ይቀድማል፣ ሳህንና ትሪ ይከተላል፣ ድስት መጨረሻ ነው። ቅቤ የነካው ሁልጊዜ ከሁሉ በኋላ ይምጣ። አንድ ድስት ቅቤ ሳፋው ውስጥ ከገባ ከሱ በኋላ የሚታጠበው ሁሉ ይቀባል፤ ቅባቱን ለማስለቀቅም ሌላ ግማሽ ጀሪካን ይጠፋል።

ብዙ የከተማ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ሊጥና እንጀራ የደረቀበትን ዕቃ በፈላ ውሃ አይንኩት። ሙቀቱ ሊጡን አብስሎ ይለጥፈዋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግን ሩብ ሰዓት ቢዘፈዘፍ በራሱ ይለቃል። የቅቤ ድስት ተቃራኒው ነው። የደጋ ምሽት ቅቤውን ወዲያው ያረጋዋል፤ ስለዚህ ድስቱ ገና ለብ እያለ፣ ቡናው ከመፈላቱ በፊት ቢታጠብ ውሃውም ማገዶውም ይተርፋል። «ዕቃ በጧት ይታጠባል» ከሚል ቤት ከገቡም ለዚህች አንዲት ድስት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ሌላው በጧት ይሁን።

የሚታጠበው ዕቃ ከሚያውቁት ያነሰ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ስድስት ሰው ከአንድ ገበታ ሲበላ የሚታጠበው አንድ ትሪ ነው። «ለእኔ ለብቻ በሳህን» ያሉ እንደሆነ ጨዋነት መስሎዎት ውሃ ጨመሩ። ከአንድ ገበታ መብላት ደግሞ የእጅን ንጽሕና ይፈልጋል፤ እዚህ አገር እጅ ማስታጠብ የምግቡ መጀመሪያ የሆነው በከንቱ አይደለም። ልጅ ኩስኩስትና ሳፋ ይዞ ሲቀርብ እጅዎን አቀራርበው ይዘርጉ፤ ሳሙናውን ሲያሹ «ቆይ» ብለው ማፍሰሱን ያስቁሙት፤ ከዚያ ያለቅልቁ። ሲጨርሱ «እደግ» ወይም «እደጊ» ይበሉ። ዝም ብሎ እጁን የሚያራግፍ እንግዳ ልጆቹ ፊት ብዙ ይጎድልበታል።

አመድ፣ ሳሙና የማይነካቸው ዕቃዎች፣ እንዶድ

በአመድ የታጠበ ዕቃ ቆሻሻ ይመስልዎ ይሆናል። የእንጨት አመድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቅባት የሚቆርጥ ኃይል ያወጣል፤ የጥንት ሰው ሳሙና የሠራውም ከአመድ ውሃና ከሞራ ነው። ደንቡን ግን ይወቁ። አመዱ ከምድጃ የተወሰደ፣ የቀዘቀዘ፣ የተነፋ የእንጨት አመድ መሆን አለበት፤ ፌስታል ወይም ፕላስቲክ የተቃጠለበት አይሆንም። ደጅ ከተደፋው ቁልልም አይውሰዱ። ዶሮና ውሻ ስለሚረግጠው ብቻ አይደለም፤ አመድ መድፊያ መርገጥና መንካት ከጥንት የሚፈራ ነገር ነው፤ የሚፈሩት ሰዎች ፊት አያድርጉት። የብረት ድስትና ምድጃ ያጠቆረው ጀርባ በአመድ ያምራል። አልሙኒየም ግን አመድ ሲበዛበት ይበላል፣ ይደበዝዛል፤ ለሱ ሳሙና ይሻለዋል።

ሳሙና ጨርሶ የማይነካቸው ዕቃዎችም አሉ። ጀበና የመጀመሪያው ነው። ሸክላ ዓይን የማይለያቸው ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ የጠጣውን ሳሙና እሳት ላይ ሲወጣ መልሶ ይተፋዋል። እኔ የእማማን ጀበና ለማገዝ ብዬ በላርጎ ፈተግኩት። በማግስቱ ቡናው ሲፈላ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ እሳቸው ግን ሦስቱንም ስኒ እስከ በረካ ጠጡ፣ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ያ ጀበና ወደ ቀድሞ ጣዕሙ እስኪመለስ ብዙ ጊዜ ፈላ። እስከ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ጀበናን አተላውን ደፍተው በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁና አፉን ዘቅዝቀው ያድርቁት፤ አለቀ።

ምጣድ በውሃ አይታጠብም፤ በደቀቀ ጎመን ዘርና በማሰሻ ይወለወላል። ቡሃቃ ጥግ ላይ የቀረው ሊጥ የነገ እርሾ ስለሆነ ፈትገው አያብሱት። መሶብ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከረጠበ ይሻግታል። የጠላ ጋንና እንስራ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ሳሙና ከገባበት ጠላው የሳሙና ይሆናል። የወተት ቅልም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ አንዱን ለማጠብ እጅዎ ሲያሳክክዎ ይጠይቁ።

ስለ እንዶድ ሳልናገር አላልፍም። ነጭ ሸማ እንደ እንዶድ የሚያነጣ የለም፤ ነገር ግን የልብስ እንጂ የዕቃ አይደለም፤ መርዛምነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አዩ። የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመግደል ምርምር የተነሣው ከዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ለእርስዎ ግን ሌላም ቁም ነገር አለው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ እጣቢውን መልሰው ወንዙ ውስጥ አይድፉ፤ ራቅ ብለው መሬት ላይ ይድፉት። እርስዎ የተከዜ ራስ ላይ ነዎት፤ ከእርስዎ በታች የሚቀዳ ሰው አለ።

የታጠበ ዕቃ የሚደርቅበትም ቦታ ያከራክራል። አንዱ በጨርቅ ይወለውላል፣ ሌላው ወለል ላይ ይደፋል። ሁለቱም ከሚጣሉ ከእንጨት ቆጥ ይሥሩና ፀሐይ ላይ ይደርድሩት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየገጠሩ ይህን ሲያስተምር ኖሯል፤ የቤቱም እናት ሰምተውት ይሆናል። ጉልበቱን እርስዎ ያውጡ፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

የጾምና የፍስክ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትንና ሌሎቹን ሲደምሩበት ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ይርቃል። ስለዚህ ብዙ ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለየብቻ ያስቀምጣል። ድስቱን ብቻ አይደለም፤ ማማሰያውን፣ ስፖንጁን፣ አንዳንዱ ሳፋውንም ይለያል። እርስዎ ባይጾሙ እንኳ የእንቁላል መጥበሻዎን በቤቱ ስፖንጅ አይጠቡ። የራስዎን ስፖንጅ በሌላ ቀለም ይግዙ፤ በሌላ ቦታ ያንጠልጥሉት። በቅበላ ማግስት ዕቃው ሁሉ በፈላ ውሃና በአመድ ሲፈተግ ካዩ ቁጭ ብለው አይመልከቱ፤ እጅጌዎን ሰብስበው ይግቡበት። በዓመቱ ውስጥ ከቤቱ ሴቶች ጋር የሚቀራረቡበት ምርጡ ቀን ያ ነው።

ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ዘመድ ውስጥ ይኖራል። የሥጋ ዕቃ መለየቱ እዚያም ይሠራል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ባርኮ ያረደውን ስለሚበላ ቢላና ድስት አይዋዋስም። ሙስሊም ጎረቤትዎ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እጁን፣ አፉን፣ ፊቱን፣ እግሩን በምን ያህል ጥቂት ውሃ እንደሚያዳርስ ልብ ብለው ይዩት። ውሃ ቆጥቦ በመታጠብ ከሱ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ገላ በግማሽ ጀሪካን

የቤቱ ሰው በየቀኑ የሚታጠበው እጅ፣ ፊትና እግር ነው፤ ሙሉ ገላ ለቅዳሜ ወይም ለበዓል ዋዜማ ይቆያል። እርስዎ በየቀኑ ካልታጠቡ እንቅልፍ አይወስድዎ ይሆናል። ሁለቱም ይኖራል፤ እርስዎ የራስዎን 10 ሊትር ከቀዱና ማገዶውን ካልነኩ ማንም አይቃወምዎትም። ማገዶ ስል በደንብ ያስቡበት፤ ሙቅ ውሃ ከውሃው ይልቅ በእንጨቱ ይወደዳል። ስለዚህ ጀሪካኑን ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ከነፋስ በተከለለ ፀሐይ ላይ ያቁሙት። 8 ሰዓት ላይ ብርዱ ተሰብሮ ያገኙታል፤ የሚታጠቡትም ያኔ ይሁን። ምሽት ላይ መታጠብ ለከተማ እንጂ ለደጋ አይስማማም።

አጣጣቡ እንዲህ ነው። ድንጋይ ላይ ይቀመጡ፤ ሳፋ ከእግርዎ ሥር ያኑሩ። ከራስ ጀምረው በአንድ ጆግ ሰውነትዎን ያርጥቡ። ውሃውን ትተው ሳሙናውን ከላይ እስከ ታች በደንብ ይሹ፤ ብዙ ውሃ የሚባክነው ሳሙና እየተቀቡ ውሃ ሲያፈሱ ነው። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ከራስ ወደ ታች እያወረዱ ይለቅለቁ። ሳፋው ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ እግርዎን ይሹ፤ በቀረው ንጹሕ ያጥሩት። ከ10 ሊትር ይተርፍዎታል።

መታጠቢያ ቦታ ከሌለ ይሥሩ፤ አራት ቋሚ፣ ሸራ ወይም ቆርቆሮ፣ ከታች ጠፍጣፋ ድንጋይ። ይህ ለእርስዎ ምቾት ይመስላል፤ ለቤቱ ሴቶች ግን ከዚያ በላይ ነው። ከለላ የሌላት ሴት ለመታጠብ ጨለማ ትጠብቃለች፤ በወር አበባዋ ጊዜ ደግሞ ጨለማውም አይበቃትም። ወለሉን ተዳፋት ያድርጉት፤ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይኑረው። 11ዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎች ዓለቱን ሲቆርጡ የዝናቡን መውረጃ ቦይ አብረው አስበዋል፤ ለእኛ መታጠቢያ አንድ ቦይ አይበዛም። ፍሳሹ ወደ ምንጭ አይሂድ። የደረቅ ሳሙና ውሃ ከጌሾው ሥር ቢደርስ አይጎዳም፤ የኦሞውን ግን ከተክልም ያርቁት።

እግር መታጠብን አቅልለው አይዩት። ማታ ከእርሻ የተመለሰ አባወራ ልጆቹ እግሩን ያጥቡታል፤ መንገድ የመጣ እንግዳም ይታጠባል። አንድ ምሽት ልጅቷ ሳፋ ይዛ እግርዎ ሥር ብትንበረከክ ደንግጠው እግርዎን አይሰብስቡ። አፍረው ከሆነ «እኔ ልጠብ፣ አንቺ አፍስሽልኝ፤ እደጊ» ይበሏት። በደጋማው የአገራችን ክፍል ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት መሄድ ከዝሆኔ አንዱን ዓይነት ያመጣል፤ መከላከያውም ሕክምናውም እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። በየቀኑ ሻወር የሚወስድ ከተሜ በጣቶቹ መካከል ማሸት ሊረሳ ይችላል፤ የላስታ ልጅ የአባቱን እግር ሲያጥብ አይረሳም።

ታጥበው ወዲያው ፀሐይ ላይ ሊወጡ ሲሉ የቤቱ እናት «ምች ይመታሃል» ይላሉ። አይከራከሩ። ፀጉርዎን ያድርቁ፣ ጋቢ ጣል ያድርጉ፣ ትንሽ ይቀመጡ። በቅቤ የተቀባ ሹሩባ ያላትን ሴትም «ፀጉርሽን ለምን በየሦስት ቀኑ አትታጠቢም?» አይበሏት። ሹሩባው የሚፈታበትና የሚታጠብበት የራሱ ቀን አለው።

በዓይን ላይ ግን አልስማማም

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አብዛኛውን ለቤቱ ልማድ ያደላል። አንድ ነገር ላይ ግን እንዲያደሉ አልፈልግም። እናት በነጠላዋ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይን ጠርጋ በዚያው ጫፍ የሌላውን ስትጠርግ፣ ወይም ስድስት ሰው በአንድ ፎጣ ፊቱን ሲያብስ ካዩ ዝም አይበሉ። ትራኮማ፣ በአገሩ ስም የዓይን ማዝ፣ የሚዞረው በዚህ ነው፤ በጨርቅ፣ በእጅ፣ የልጅ ዓይን ላይ በሚያርፍ ዝንብ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከ10 ስድስቱ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በሽታው ለዓመታት እየተመላለሰ ሲቆይ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል፤ አሮጊቶች በወረንጦ የሚነቅሉት ያ ፀጉር ነው። መጨረሻው መታወር ነው።

መፍትሔው ብዙ ውሃ አይፈልግም። ለእያንዳንዱ ልጅ ጧትና ማታ ግማሽ ጣሳ ውሃ ይበቃል፤ ሳሙና ካለ ይጨመር፤ የዓይኑ ዓር እስኪጠፋ ይታጠብ፤ ከዚያ ነፋስ ያድርቀው እንጂ ጨርቅ አይንካው። የሚቀዳው ውሃ ባነሰ ቀን ገላው ይቅር፣ ዕቃው ይደር፣ ፊት ግን ይታጠብ። ይህን ለእናትየዋ ስብከት አድርገው አይንገሯቸው። ጧት ራስዎ ጆጉን ይዘው ደጅ ላይ ይቁሙና «ኑ፣ ፊት!» እያሉ ልጆቹን ይጥሩ። እኔ ይህን ከጀመርኩ በአሥረኛው ቀን ታናሽየው ራሱ ጆጉን አምጥቶ ቀሰቀሰኝ።

በመጠጥ ውሃም እንዲሁ ጠንካራ ይሁኑ። ጣሳ እጀታ ይኑረው፤ እጅ ውሃው ውስጥ አይግባ። የወንዝ ውሃ ከሆነ ይፍላ። በላሊበላ ከፍታ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ቀኑንም ይጠብቁ

እሑድና በታላላቅ በዓላት ልብስ አይታጠብም። እርስዎ አጥበው አጥር ላይ ካሰጡት የሚታማው ቤቱ ነው። የቆረበ ሰው በዕለቱ ገላውን አይታጠብም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መታጠቢያውና ጀሪካኑ ለሚቆርቡት ይለቀቅ፤ እርስዎ ዓርብ ይታጠቡ። ሲመሽ ሙቅ ውሃ ደጅ አይድፉ፤ መድፋት ግድ ከሆነብዎ «በስመ አብ» ይበሉ፤ የሌላ እምነት ሰው ከሆኑ ሳፋውን እስኪነጋ ያቆዩት። ጠበል ሲሄዱ ሳሙና አይያዙ። ጠበል እድፍ ለማስለቀቅ የሚኬድበት ቦታ አይደለም፤ በገና ሰሞን ልጅ የሚለምኑ ሴቶች ላሊበላ ቤተ ማርያም ግቢ ካለው ኩሬ የሚነከሩትም ለዚያ አይደለም።

የክረምቱን መጨረሻ እዚያው ካሳለፉ ጳጉሜን 3 ይደርስልዎታል። የሩፋኤል ዝናብ የጣለ እንደሆነ ልጆቹ እየጮኹ ይወጣሉ፣ ትልልቆቹም ይከተላሉ። በዚያን ቀን ማንም ጀሪካን አይቆጥርም። ሳፋውንም ባልዲውንም ድስቱንም ከጣሪያው ሥር ይደርድሩ፤ ለነገ ይሆናል። ራስዎን ተገልጠው ይውጡ፤ ሳሙናውን ቤት ይተዉት።